የ55 ጋሎኑ ሕግ እናቴን አይቀጣም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ካሊፎርኒያ የውሃ ሕግ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ኦክላንድ ያላየ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እኔ አንብቤዋለሁ። እናቴ ደግሞ በድምፅ ያቀረባችሁትን ሰምታዋለች፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

«በቀን ከ55 ጋሎን በላይ ውሃ የሚጠቀም ሰው 1000 ዶላር ይቀጣል፤ ገላ በታጠቡበት ቀን ልብስ ማጠብም ያስጠይቃል» ብላችኋል። ሁለቱም ስህተት ነው። ከሥራ ስገባ እናቴን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ አገኘኋት፤ እጇን የታጠበችበትን ውሃ ከሳፋ ወደ ባልዲ ትገለብጣለች። ሻወር ከገባች አምስት ቀን ሆኗት ነበር። እናቴ የ78 ዓመት ሴት ናት፤ ስኳር አለባት፤ እግሯ በየቀኑ ታጥቦ በደንብ መድረቅ እንዳለበት ሐኪሟ ደጋግሞ ነግሯታል። ስቆጣት «ልጄ፣ በእኔ ጦስ 1000 ዶላር ከየት ታመጣለህ?» አለችኝ። ይህን ፍርሃት ቤቴ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ።

እስቲ ወደ ሕጉ እንምጣ። የያኔው አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረሟቸው 606 እና 1668 የተባሉት ሕጎች ግዴታ የሚጥሉት በከተማ ውሃ አቅራቢ ድርጅቶች ላይ ነው። ድርጅቱ ለሚያገለግለው ሕዝብ በጠቅላላው ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃ ያሰላል፤ ቤት ውስጥ የሚፈጀው፣ የግቢ አትክልት የሚጠጣው፣ ከቧንቧ የሚባክነው ሁሉ ይደመራል። 55 ጋሎን፣ ማለትም 208 ሊትር ያህል፣ በዚህ ድምር ውስጥ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የነፍስ ወከፍ መነሻ ሆኖ የተቀመጠ ቁጥር እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የተቆረጠ ራሽን አይደለም። የ1000 ዶላሩ የቀን ቅጣትም የአቅራቢው ዕዳ ነው። በድርቅ ወቅት አንዳንድ አቅራቢዎች የራሳቸውን ደንብ አውጥተው አባካኝ ደንበኛን እንደሚቀጡ አውቃለሁ፤ እናንተ የጻፋችሁት ግን ስለዚያ አይደለም። ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ያለፈበት ነው። በ2022 የጸደቀው ሕግ 1157 ከ2025 ጀምሮ ወደ 47 ጋሎን አውርዶታል፤ በ2030 ደግሞ 42 ይሆናል። የገላና የልብሱ ወሬም ገና በ2018 በእንግሊዝኛ ተናፍሶ ሐሰት መሆኑ ያኔውኑ ተነግሯል። የሞተ ወሬ ቀስቅሳችሁ ለአሮጊቶች በአማርኛ ማንበብ ምን የሚሉት ጋዜጠኝነት ነው?

ዘጋቢያችሁ «ማን ነው የሚቆጥረው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ይበቃ ነበር። እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ለ16 ቤት ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ለየቤቱ ቆጣሪ እንዲገባ የሚያዘው ሕግ የሚመለከተው ከ2018 ወዲህ የውሃ መስመር እንዲገባላቸው የሚያመለክቱትን አዳዲስ ሕንፃዎች ነው። እናቴ በቀን ስንት ጋሎን እንደምትጠቀም አብሬያት የምኖረው እኔ እንኳን ማወቅ አልችልም። ታዲያ ግዛቱ በምን አውቆ ይቀጣታል?

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የተዋችሁት ነገር ነው። የዚያን ዕለት ማታ በንዴት የሽንት ቤታችንን መቀመጫ አገላብጬ አየሁት። ከክዳኑ ማጠፊያ አጠገብ፣ ሸክላው ላይ፣ ደብዘዝ ባለ ቀለም 3.5 የሚል ተጽፏል። አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ሦስት ጋሎን ተኩል፣ ማለትም 13 ሊትር ውሃ ያወርዳል ማለት ነው። እናቴ ወገቧን ይዛ ስታጠራቅም የዋለችው አንድ ባልዲ ውሃ ለአንድ ጊዜ መልቀቂያ እንኳን አይበቃም። በ2009 የወጣው ሕግ 407 ከ1994 በፊት የተሠሩ ብዙ ቤት ያላቸው የመኖሪያ ሕንፃዎች ባለቤቶች ከ1.6 ጋሎን በላይ የሚያወርደውን መቀመጫ እስከ 2019 መግቢያ ድረስ እንዲቀይሩ አዟል። የእኛ ሕንፃ ከዚያ በጣም ይቀድማል። አከራያችን «ውሃ ቆጥቡ» የሚል ወረቀት በየበሩ መለጠፉን ያውቅበታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ የሚያድረውን ሽንት ቤት እንዲያሠራ የለመንኩት ግን ሦስት ጊዜ ነው። ኪራይ የሚከፍል አንባቢ ከእናንተ ማወቅ የነበረበት ይህን ነበር። ሕጉ ለእርሱ የሰጠውን መብት ትታችሁ በሌለ ቅጣት አስፈራራችሁት።

ስለ ባሕሩ ከፍታ መጨመር የወጣውንም ሕግ በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘግታችሁታል፤ የሀብታሞቹን የባሕር ዳር ከተማ ጠርታችሁ «የማሊቡ ቪላ ባለቤቶችን የሚመለከት» ብላችሁ። ሴናተር ጆን ሌርድ ያቀረቡትና በ2023 የጸደቀው ሕግ 272 በውቅያኖሱ ዳርቻና በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያሉ የአካባቢ መስተዳድሮች ሁሉ የባሕሩን ከፍታ መጨመር የሚቋቋሙበትን ዕቅድ እስከ ጥር 1 ቀን 2034 እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። የሳን ፍራንሲስኮም የኦክላንድም አውሮፕላን ማረፊያ ባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ በሙሌት መሬት የተሠሩ ናቸው። እዚያ ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና የሚያቆመው፣ አቅመ ደካማ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ማን ነው? እኔ ራሴ ንጋት ላይ ወደዚያ እነዳለሁ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ባሕሩ ከልክ በላይ በሚሞላባቸው ቀናት፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ከመንገዱ ዳር የፍሳሽ ቀዳዳ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። በባሕረ ሰላጤው መግቢያ በጎልደን ጌት ያለው የባሕር ከፍታ መለኪያ ባለፈው ምዕተ ዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭማሪ መዝግቧል። ባሕሩ ሲነሣ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይነሣል፤ በምዕራብ ኦክላንድ ደግሞ አፈሩ ከድሮ ፋብሪካዎች የቀረ መርዝ አለበት። እዚያ ቪላ የለም፤ ተከራይ ነው ያለው። ከተሞቹ ለዚህ ዕቅድ የነዋሪ አስተያየት ሲጠይቁ የእኛ ሰው «ይህማ የሀብታም ጉዳይ ነው» ብሎ ቤቱ ከቀረ፣ ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ባለው ርዕስ። በጽሑፍ ብቻ ግን እንዳይቀር፤ በድምፅም አንብቡት። እናቴ አታነብም።

ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ