የቪዲዮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ወንዝ ዳር የተቀረጸው የጥሞና ቪዲዮ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ሥራ በቁጥር ብዙ አይደለም። የስፖርት ቀኑንና የምረቃውን ዝግጅት ቀርጸናል፤ ሁለቱንም ማየት የሚፈልግ ቤተ መጻሕፍት ያገኛቸዋል። የዓመቱን ትልቁን ጊዜ የወሰደው ግን አንድ የ7 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ስለ ጥምቀት የሚናገር፣ ወንዝ ዳር የተቀረጸ የጥሞና ቪዲዮ።

ሐሳቡ የመጣው ከልጆቹ ነው። በጠዋት ጸሎት ላይ የሚቀርበው ትምህርት አንድ ቀን በቪዲዮ ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። የመረጡት ማርቆስ ምዕራፍ 1ን፣ ከቁጥር 9 እስከ 11 ያለውን ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቀላል መሰላቸው። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ስክሪፕት ለመጻፍ ስንቀመጥ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ካሜራው የት ይቁም የሚል ነበር። ማርቆስ፣ ኢየሱስ ከውኃው ሲወጣ ሰማያት ሲቀደዱ አየ ይላል። ያየው እሱ ራሱ ነው። ድምፁም «የምወድህ ልጄ አንተ ነህ» እያለ ለእሱ ይናገራል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ማቴዎስን ገለጠች። እዚያ ድምፁ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ይላል፤ አጠገቡ ላሉት እንደሚነገር። በዮሐንስ ወንጌል ደግሞ መንፈስ ሲወርድ አየሁ ብሎ የሚመሰክረው መጥምቁ ዮሐንስ ነው። «ቲቸር፣ የምንቀርጸው ማርቆስን ከሆነ፣ ካሜራው ማየት ያለበት ውኃው ውስጥ በቆመው ሰው ዓይን ነው» አለች።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። እንዲህ አድርጌ ግን አንብቤው አላውቅም። ካሜራው ከውኃው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ወደ ሰማይ እንዲያይ የወሰንነው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብድ ነበር። ጥምቀቱን በድራማ እናሳይ ወይስ አናሳይ? አንዳንዶቹ አንድ ልጅ ነጭ ለብሶ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይውጣ አሉ። ለዓይን ያምር ነበር፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ልጆቹ የሚያመልኩባቸው አብያተ ክርስቲያናት የተለያዩ ናቸው። በሕፃንነቱ የተጠመቀ አለ። አድጎ፣ አምኖ የተጠመቀም አለ። ገና ያልተጠመቀም አለ። አንዱ ዘንድ መላ ሰውነት ይጠልቃል፤ ሌላው ዘንድ ውኃው በራስ ላይ ይፈስሳል። የማንን እናሳይ?

ዲዳኬ ከሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች ጽሑፍ ስለ ጥምቀት የሚናገረውን ክፍል አነበብኩላቸው። በሚፈስ ውኃ አጥምቁ ይላል። ከሌለ በሌላ ውኃ። በቀዝቃዛ ካልተቻለ በሞቀ። ሁለቱም ከሌለ በራስ ላይ ሦስት ጊዜ አፍስሱ፤ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም። ክርክሩ ረገብ አለ። አንድ ልጅ ቀስ ብሎ «ታዲያ በዚህ ስም የሚደረገውን ነገር ሾቱ አልተሳካም ብለን ልንደግመው ነው?» ሲል ነገሩ አበቃ። ለካሜራ ብለን ማንንም እንደተጠመቀ ላናስመስል ተስማማን። በዚህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ልቤ ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ሙሉ በሙሉ ከሸፈ። የደረስነው ረፋዱ ላይ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስለነበረች የተራኪዋ ዓይኖች በጥላ ተሸፈኑ፤ ውኃው ደግሞ ነጭ ሆኖ አንጸባረቀ። ከሁሉ የባሰው ድምፁ ነው። ለእይታ ያምራል ብዬ ፏፏቴ በሚመስለው ቦታ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ተመልሰን ስንሰማው ቃል የሚባል ነገር የለም። የሚወርድ ውኃ ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሁሉንም ቦታ ይይዛል፤ የሰው ድምፅ ያለበትንም ጭምር። ስለዚህ በኤዲቲንግ ውኃውን ልቀንስ ስትል ንግግሩም አብሮ ይጎዳል። ልጆቹ ሦስት ቀን ሞክረውት ተስፋ ቆረጡ።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድነው ጎህ ሲቀድ ነው። ተራኪዋን ወደ ላይኛው፣ ወንዙ ጠልቆ ዝም ወደሚልበት ቦታ ወሰድናት። ትንሿን ማይክ ደረቷ ላይ፣ ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገን ሰካን፤ ማይኳንም ለነፋሱ ፀጉራም መከላከያ አለበስናት። ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ፊልተር አድርገን ስናዞረው ነጸብራቁ ጠፋ፤ ከውኃው ሥር ያሉት ድንጋዮች ታዩ። ልጆቹ እየተጋፉ በካሜራው ሲያዩ የነበረውን ደስታ ብታዩት! የወንዙ ሥር በማይታይበት ቦታ ማንም እንዳይገባ፣ በሚታይበትም ከጉልበት እንዳያልፍ ከልክለን ነበር። ሁሉም አከበሩት።

ከመመለሳችን በፊት ሁላችንም ዝም ብለን የወንዙን ድምፅ ብቻ ለ1 ደቂቃ ቀዳን። ይህ በቀረጻ ሥራ የተለመደ ነው፤ በኤዲቲንግ ጊዜ የተቆራረጡ ቦታዎችን ይሸፍናል። ያቺ ደቂቃ ግን ሌላም ነገር ነበረች። አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም። ስትጨርስም ቶሎ የተናገረ አልነበረም።

ኤዲቲንጉ ላይ ልጆቹ መጀመሪያ ሙዚቃ አስገብተው ነበር። ኋላ ራሳቸው አወጡት። ሮሜ 6፥4 «በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀበርን» የሚለው ሲነበብ የሚታየው የእርጥብ እግር ዱካ ነው፤ ከውኃው ወጥቶ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሄዳል። ሰው አይታይም። ከዚያ ካሜራው ወደ ሰማይ ይዞራል፤ ያ ድምፅ ይነበባል። የመጨረሻዎቹ 40 ሰከንዶች ከዚያች ከቀዳናት ደቂቃ የተወሰዱ ናቸው።

በጠዋት ጸሎት ላይ ሲታይ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ትንንሾቹ በነዚያ 40 ሰከንዶች ያወራሉ ብዬ ሰግቼ ነበር። አላወሩም። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ብቻ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን መርጠዋል፤ ጃንደረባው «እነሆ ውኃ» የሚልበትን። ለዚያ መንገድና ውኃ የሚገናኙበት ቦታ ያስፈልጋል። ከልጆቹ ሁለቱ ከአሁኑ ፍለጋ ጀምረዋል።