የጎርጎራው የመንጠቆ ውድድር ነሐሴ ላይ አይሁን፣ ጥር ላይ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። እዚህ ከተማችን ውስጥ መንጠቆ መጣል የምንወድ ሰዎች አለን፣ መምህር አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ቅዳሜና እሁድ በአዘዞ በቆላድባ አርገን ጎርጎራ እንወርድና ጣና ዳር እንውላለን። ማህበር ለመባል ገና ነን፣ ማህተምም የለንም፣ የምንገናኘው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ እና አሁን ግሩፑ ውስጥ በመሀላችን ውድድር እናዘጋጅ የሚል ሀሳብ ተነስቶ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ክርክሩ የመጣው ወሩ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ነሐሴ ይሁን ይላል፣ እኔ ደሞ ነሐሴ በፍጹም አይሁን፣ ጥር ይሁን ነው የምለው፣ ግሩፑ ውስጥ ብጽፈው በስቲከርና በድምጽ መልእክት መሀል ስለሚጠፋ ጉዳዩም የኛ ብቻ ስላልሆነ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ይሻላል ብዬ ነው።

ነሐሴ የሚሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ዝናቡ ሲበረታ አሳው ወንዝ አፍ ላይ ስለሚሰበሰብ መንጠቆ የጣለ ሁሉ ባዶ እጁን አይመለስም፣ ፎቶውም ያምራል። እውነት ነው ይሰበሰባል። ግን ለምን እንደሚሰበሰብ እንነጋገርበት እንጂ። ነጭ አሳ ከምንለው ብዙው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ እንቁላሉን ለመጣል ከሀይቁ ወጥቶ ሽቅብ ወንዝ ለወንዝ የሚሄድ አሳ ነው፣ በኛ በኩል በመገጭና በድርማ፣ በፎገራ በኩል በርብና በጉማራ፣ ከደቡብ ደሞ በግልገል አባይ። የሚፈልገው ጠጠር ያለበት ንጹህ ወራጅ ውሃ ነው። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ እስኪሞላለት አፉ ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃል፣ ያን ጊዜ የምትያዘው እናት አሳ ሆዷ እንቁላል ሞልቶ ነው የምትያዘው። እዚያ ቦታ ቆመን ብዙ የያዘ ዋንጫ ይውሰድ ካልን ወላድ ምጥ ላይ እያለች ቤቷ ገብቶ እንደመዝረፍ ነው የሚሆነው።

እና ይሄ አሳ ዝም ብሎ አሳ አይደለም እኮ። ጢስ እሳት ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ስለሚወርድ ከታች ከአባይ የሚመጣ አሳ ወደ ጣና መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ጣና ውስጥ ያለው ነጭ አሳ ለብዙ ሺህ ዓመት ለብቻው ኖሮ ለብቻው ተለዋውጦ ወደ 17 የሚደርስ ዝርያ ሆኗል፣ አብዛኛው ሌላ የትም አገር የለም። ተመራማሪዎቹ ላቤዮባርበስ ይሉታል። ከነሱ ውስጥ ሌላ አሳ እያደነ የሚበላም አለ፣ ይሄ የካርፕ ዘመድ ለሆነ፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው አሳ በጣም የሚገርም ነገር ነው፣ መንጠቆ ላይ ሲያዝም ክሩን እንዴት እንደሚጎትት የያዘው ያውቀዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ወደ ጣና ሲገባ ሰው በአሳ ተጠቀመ፣ ያንን አልክድም፣ ግን መረቡ ክረምት ክረምት ወንዝ አፍ ላይ መዘርጋት ሲጀምር እንደ ፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 ባለው አስር ዓመት ውስጥ የነጭ አሳው መጠን በሶስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ደሞ ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር በመኪና ይጫናል፣ ያው እንቁላሉ የሚጣልበት ቦታ ነው የሚጫነው ማለት ነው፣ አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይበትናል፣ ብርብራው ትልቁንም ትንሹንም አፍዝዞ ነው የሚያንሳፍፈው። በመርዝ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው፣ ግን ሌሊት ወንዝ ዳር አዋጅ የሚያነብ የለም።

የኛ መንጠቆ ከመረብ አንጻር ኢምንት ነው፣ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖራል። በአሳው ቁጥር በኩል ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ውድድር ማለት ለሰው የምናሳየው ነገር ነው፣ የድምቢያ ልጆች ቆመው ያዩናል፣ ፎቶው በፌስቡክ ይዞራል፣ ከጎንደር የመጡ የተማሩ ሰዎች ነሐሴ ላይ ወንዝ አፍ ላይ ተሸላልመው ሄዱ ከተባለ በሚቀጥለው ክረምት እዛው ቦታ መረብ የሚዘረጋውን ሰው ማን ደፍሮ ተው ይለዋል?

የታላቅ ወንድሜ ልጅ እንግሊዝ አገር ነው ያለው፣ በሰሜን ባህር ዳርቻ ባለች ከተማ፣ እና እዚያ የባህር ዳርቻ አሳ አጥማጆች ክለብ አባል ሆኗል። የነሱን የብርድ ወቅት ውድድር በስልክ ቁጭ ብሎ ነው ያስረዳኝ፣ በታህሳስና በጥር በዚያ ብርድ፣ አንዳንዴም ማታ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው። ዋይቲንግ የሚባለው አሳ በብርዱ ወራት ወደ ዳርቻው ስለሚጠጋ ነው ያን ወቅት የሚመርጡት፣ ኮድ የሚባለውም ይመጣ ነበር፣ አሁን አሁን እየቀነሰ ነው አለኝ። መጀመሪያ እጣ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ሰው በእጣው ቁጥር አሸዋው ላይ ቦታውን ይይዛል፣ ጥሩ ቦታ ቀድሞ ደርሶ መያዝ ብሎ ነገር የለም። ሰዓቱን የሚወስነው ደሞ የባህሩ መሙላትና መጉደል ነው፣ ማዕበሉ ክሩን እንዳይወስድባቸው አራት ጎን የሽቦ ጥፍር ያለው የእርሳስ ብረት ክሩ ላይ አስረው ነው የሚወረውሩት፣ ማጥመጃቸው ከባህሩ አሸዋ የሚቆፈር ትል ነው። እኔን የማረከኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በብዙዎቹ ክለቦች አሳው አይመዘንም፣ ይለካል። የያዘው ሰው ማስመሪያ ላይ ያስተኛዋል፣ ጎኑ ያለው ተወዳዳሪ አይቶ ካርዱ ላይ ይፈርምለታል፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ባህሩ ይመለሳል፣ ሴንቲሜትሩ ወደ ነጥብ ተቀይሮ ይደመራል። ባስ የሚባለውን አሳ ከ42 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ማንም ሰው ይዞት መሄድ አይችልም፣ ህግ ነው። ተፎካካሪህ ምስክርህ ሆኖ ይፈርምልሃል፣ ይሄ ነገር ለኛም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው። ውድድሩ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሁን። ጥር 11 ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፣ ከዚያ እንግዳው ወዲያው ከሚበተን ከፈለገ ጎርጎራ ወርዶ ደብረ ሲና ማርያምንም ይሳለማል፣ የኛንም ውድድር ያያል፣ ገበታ ለሀገር ብለው ያለሙት አካባቢ ስለሆነ ማረፊያም አለ። አሳውን በተመለከተ ጥር ላይ ነጭ አሳው ከወንዝ ተመልሶ ሀይቁ ውስጥ ነው። ውሃውም ደለሉን አስቀምጦ ጠራ ያለ ነው፣ ሀይቁ እየሸሸ ስለሚሄድ ዳርቻው ይሰፋል፣ መቆሚያ ይገኛል፣ እዚህ ላይ ግን ገበሬው ባህር ሸሽ ብሎ የሚዘራበትን፣ ውሃው የለቀቀውን መሬት እንዳንረግጥ አስቀድመን ቀበሌውን አነጋግረን መስመር ማስመር አለብን። ጠዋት በጊዜ ተጀምሮ ሳይረፍድ ማለቅ አለበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና መወርወር አይመችም። እንደ እንግሊዙ ባህር ያለ ማዕበል የለንም፣ ስለዚህ ጥፍር ያለው ከባድ እርሳስ ምናምን አያስፈልገንም፣ ቀለል ያለ እርሳስና ቡሽ ይበቃል።

ደሞ ጥር ላይ ረጅም ጾም የለም። ይሄን የምለው ለአሳ አስጋሪዎቹ ብዬ ነው። ዐብይ ጾም ሲገባ የአሳ ፈላጊ ስለሚበዛ እነሱ ሌት ተቀን ስራ ላይ ናቸው፣ ያን ጊዜ ሄደን ቦታቸውን ብንይዝ ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ጥር ላይ ግን ፋታ አላቸው፣ እና ዳኞቹ እነሱ እንዲሆኑ ነው የምፈልገው። እኛ ጎንደር ቁጭ ብለን የምናወራውን አሳ እነሱ በአይን ብቻ ለይተው የሚያውቁት ነው፣ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ያደጉ የወይጦ አባቶች እዚያ አሉ፣ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ አሳው ከመያዙ በፊት ክሩ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አይተው ቀረሶ ነው አምባዛ ነው ይላሉ። ማስመሪያውን እነሱ ይያዙ፣ የውሎ አበል ይከፈላቸው፣ ከመመዝገቢያው ገንዘብ ላይም ለማህበራቸው ድርሻ ይኑረው። የኛ ውድድር በነሱ ሀይቅ ላይ ያለነሱ ከተደረገ እኔ አልሳተፍም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ግሩፑ ውስጥ አንድ ወንድማችን፣ ኑሮው እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሰው የሚበላው አጥቶ እናንተ አሳ ይዛችሁ ትመልሳላችሁ፣ ነውር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የሚገባ ነው፣ ቸኩዬ ልመልሰው አልፈልግም። ምግብ ላይ መጫወት በኛ ባህል ነውር ነው፣ እኔም እናቴ የወደቀ እንጀራ አንስታ ስትስም እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ሁሉም ይመለስ አልልም። አምባዛ እና ደህና የደረሰ ቀረሶ ይያዝ፣ ከውድድሩ በኋላ እዚያው ጎርጎራ ተጠብሶ ከህዝቡ ጋር ይበላ፣ የተረፈው ለአካባቢው ለቸገረው ሰው ይሰጥ። የሚመለሰው ነጭ አሳውና ትንንሹ ነው። ቀረሶ ላይ ግን አንድ ነገር እንወቅ፣ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው፣ አብዛኛውን የምትራባው ክረምት ቢሆንም ሌላም ጊዜ አፏ ውስጥ እንቁላል ያለባት ከተገኘች ቀስ አርጎ ወደ ውሃው መመለስ ነው፣ ለሷም ነጥቡ ይያዝለት። ነጭ አሳው ቶሎ የሚያድግ አሳ አይደለም፣ አንድ ትልቅ እናት ለማግኘት ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው፣ ለአንድ ቀን ምሳ ብለን ብንበላት የሚቀርብን ከምንበላው ይበልጣል።

መመለስ ሲባል ደሞ መወርወር አይደለም። እጅን በውሃ አርጥቦ መያዝ ነው፣ ደረቅ እጅ የአሳውን ልባስ ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ቢዋኝም በበሽታ ሊሞት ይችላል። የመንጠቆውን የኋላ ጥርስ በፒንሳ ጫን አርጎ ማስተኛት ይቻላል፣ ሳይቦጭቅ ይወጣል። አሳው አፈር ላይ አይንከባለል፣ ማስመሪያውም ይርጠብ። አምባዛ አየር መሳብ ስለሚችል ከውሃ ውጪ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ነጭ አሳ ግን አይችልም፣ ፎቶ ላንሳ ደግመህ አንሳኝ ሲባል ያልቃል። ከተቻለ ፎቶው ውሃው ውስጥ እንዳለ ይነሳ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የጤና ነገር ስለሆነ። ጎርጎራና ድምቢያ ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ፣ ትሉ ዳር ላይ ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ መዋል ማለት እሱን መጋበዝ ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የሚጥል ሰው ብዙ ነው። ውድድሩ ከደረቅ መሬት ላይ ብቻ ይሁን፣ መግባት የግድ ከሆነ በረጅም የላስቲክ ቦት ይሁን፣ ልጆች ደሞ ጭራሽ አይግቡ።

እምቦጩን ሳላነሳ አልጨርስም። በ2004 ዓ.ም. መገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ታየ የተባለው አረም ዳርቻውን ሲሸፍነው ከየአገሩ ሰው መጥቶ በእጁ ነቅሏል፣ ከጎንደርም ብዙ ወጣት ወርዷል፣ እኛም ነበርን። ጣና ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው ሀይቅ ነው። ለአረሙ ብለን የወረድን ሰዎች ለአሳው ብለን አንድ ወር መምረጥ አያቅተንም፣ እና ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ተወዳዳሪው ሁሉ ግማሽ ቀን እምቦጭ እንዲነቅል፣ ያልነቀለ እጣ እንዳያወጣ ሀሳብ አቅርቤያለሁ፣ በዚህ ላይ እስካሁን የተቃወመኝ የለም።

አዘጋጁ ይህን ካወጣችሁልኝ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ባህር ዳር ያለው የአሳ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይህን ካነበቡ ነጭ አሳ፣ ቀረሶና አምባዛ በስንት ሴንቲሜትር ለአቅመ መራባት እንደሚደርሱ ለኛ በሚገባ ቋንቋ በጋዜጣችሁ ቢጽፉልን ማስመሪያችንን በዚያ እንሰራለን። ባህር ዳር፣ ደልጊና ቁንዝላ ያላችሁ መንጠቆ የምትጥሉ ሰዎችም ሀሳባችሁን ጻፉ፣ ተሳሳትክ የሚለኝም ይጻፍ። ግሩፑ ውስጥ ስለ ወሩ ድምጽ የምንሰጠው ከመስቀል በኋላ ነው፣ መልሱ ከዚያ በፊት ቢደርሰን አሳትሜ ለሁሉም አድላለሁ።

አክባሪያችሁ
የመንጠቆ ወዳጅ፣ ከጎንደር አዘዞ