የሽኮኮ ዘመዶች

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዓይንዎን ሞራ ለማስገፈፍ ቀጠሮ መያዝዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እስከዚያው የደም ግፊቱን ኪኒን ሻል ባለዎ ቁጥር እንዳያቋርጡ፤ ግፊቱ ካልተስተካከለ ቀዶ ጥገናውን ሊያራዝሙት ይችላሉ። ጨውም ይቀንሱ። እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ግን ይቀንሱ።

ሶስና ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። በቀደም እንስሳትን በየዘመዳቸው መድቡ ተብላ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ጅብን ከውሻ፣ ሽኮኮን ከጥንቸል ጋር አደረገቻቸው። አልተቆጣኋትም፤ ፍጥረታትን በየወገናቸው የመደበው ታላቁ ሊቅ ሊኒየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1758 ባለ ሰረዙን ጅብ በውሻ ወገን ጽፎት ነበር። የእኛን አገር ዝንጉርጉር ጅብም በ1777 ሌላ ሊቅ ከዚያው ከውሻ ወገን መደበው። መልኩን አይተው ነው። በ1859 የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ዳርዊን ፍጥረት መመደብ ያለበት በትውልድ ሐረጉ ነው ብሎ ተከራከረ። ዛሬ የራስ ቅሉም ዲኤንኤውም ተመርምሮ፣ ጅብ ከውሻ ይልቅ ለድመት እንደሚቀርብ ታውቋል።

የሽኮኮ ደግሞ ይብሳል። እኛ ሰፈር ገደሉ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው ያቺው ሽኮኮ! ለሶስና የሽኮኮዋን እግር ፎቶግራፍ አሳየኋት፤ አብዛኞቹ ጣቶቿ ጫፋቸው ላይ ሹል ጥፍር ሳይሆን ትንንሽ ኮቴ የሚመስል ነገር አላቸው። ከላይኛው ድዷ የወጡት ሁለት ጥርሶች ዕድሜዋን ሙሉ ማደግ አያቆሙም። ከዛሬዎቹ እንስሳት ከቅርብ ዘመዶቿ አንዱ ጥንቸል አይደለም፣ ዝሆን ነው። ልጅቷ አላመነችኝም። «አይመሳሰሉም እኮ!» አለች።

አባባ፣ ይህን ስትል የእርስዎ ነገር መጣብኝ። ልጅ ሳለሁ በሚካኤል ማኅበር ዕለት ጠላ ስቀዳ፣ በእንግዶቹ ፊት «ይህችስ ከእኛ ዘር አትመስልም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ሌማቱን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ደጀኔ ቁርጥ እርስዎን ስለሆነ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። የእኔ ጥቁረት ከእናትዎ የመጣ መሆኑን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እማማ ካረፈች በኋላም ደግመውታል፤ ያኔ የሚከራከርልኝ ሰው አልነበረም።

ደጀኔ፣ ደብዳቤውን የምታነብላቸው አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ይህችን አትዝለልብኝ፤ እንዳለች አንብብላቸው።

በሬ ሸጠው ኮሌጅ ያስገቡኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ባዮሎጂ አስተምሬ ልጆቼን የማሳድገው በዚያ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ላመሰግንዎ በተነሣሁ ቁጥር ያ ቃል ይቀድመኛል።

ለፋሲካ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ አንድ ነገር ይበሉልኝ። ትመስለኛለች ይበሉ አልልም፤ «ልጄ ናት» ይበሉ።

ለሕክምናው የሚሆነውን ገንዘብ በደጀኔ የባንክ ሒሳብ አስገብቻለሁ። በቀጠሮው ዕለት ብቻዎን እንዳይሄዱ፤ የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፣ ሐኪሙ ይጠይቅዎታል።

ልጅዎ
አስቴር