ኳየር ለመቅረጽ ሁለት ማይክ ብቻ ይዘን የምንመጣው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ኳየር ልንቀርጽ ስንመጣ የሚቀድመው ጥያቄ ያው ነው፤ «ለ16 ዘማሪ ሁለት ማይክ?» አንዳንዴም «ሒሳቡን ጨምሩና ለእያንዳንዱ አምጡ» እንባላለን። ገንዘቡን አንጠላም። ግን ቅጂው ይበላሻል።

ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ትከሻ ለትከሻ በቆሙ ዘማሪዎች ፊት ማይክ ብንደረድር፣ የአንዷ ድምፅ ወደ ራሷም ወደ ጎረቤቷም ማይክ ይገባል፤ እኩል ግን አይደርስም። የማይኮቹ ድምፅ አንድ ላይ ሲቀላቀል (ሚክስ ሲደረግ) ከፊሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የተረፈው ቱቦ ውስጥ የተዘመረ ይመስላል።

ስለዚህ ሁለቱን ማይኮች አንድ ስታንድ ላይ፣ በ17 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ አፋቸውን በ110 ዲግሪ ከፍተን እናስራቸዋለን። አቀማመጡ ኦአርቲኤፍ ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከፈረንሳይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ነው። ስታንዱ ከፊተኛው ረድፍ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል፣ ቁመቱም ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ዝቅ ካለ የፊተኞቹ ይጮሃሉ፣ የኋላዎቹ ይዋጣሉ። በግማሽ ክብ ቁሙ የምንላችሁም ለፎቶ አይደለም፤ ርቀቱ ለሁሉም እንዲቀራረብ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ ከሌላው ከወጣ፣ ማይኩን ሳንነካ ሰውየውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እናደርገዋለን። ቅር አይበላችሁ።

እውነቱን ለመናገር የሚያስቸግረን ፒያኖው ነው። ግራንድ፣ ማለትም አግድም የተኛው ትልቁ ዓይነት ከሆነ ክዳኑን በአጭሩ ድጋፍ እንከፍተዋለን። ወለል ብሎ ከተከፈተ ኳየሩን ይውጠዋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ይታፈናል። ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ዓይነት ከሆነ ከግድግዳው ራቅ እናደርገዋለን፤ ብዙው ድምፁ የሚወጣው ከጀርባው ነው። ለፒያኖው ብቻ አንድ ረዳት ማይክ እናቆማለን፣ ሲደበዝዝ ትንሽ እንጨምርበታለን። ፔዳሉ ሲረገጥ ሲጥ የሚል ከሆነ ቀድማችሁ አስጠግኑት፤ ዝግ ባለ መዝሙር ላይ ከአልቶዎቹ (ዝቅተኛውን ድምፅ ከሚዘምሩት ሴቶች) በላይ ይሰማል።

ኪቦርድ ከሆነ ቀላል ነው። ድምፁን በኬብል በቀጥታ እንወስዳለን። ስፒከሩን ከማይኮቹ ጀርባ አድርገን፣ ቀነስ አድርገን ወደ ዘማሪዎቹ እናዞረዋለን፤ የምንጠቀምባቸው ማይኮች ከኋላቸው የሚመጣውን ብዙም አይወስዱም።

ፒያኖውን ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን አስቃኙልን። በክረምት ደግሞ ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከጀመረ የትኛውም ማይክ አያድነንም። ቀጠሮ ስትይዙ የዘማሪዎቹን ቁጥርና የአዳራሹን ፎቶ ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀረጻ ቡድኑ