ለደረጀ፣ ስለ ሽሪምፕ ቅርፊት

ለውድ ወዳጄ ለደረጀ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለታችንም ብዕር ሳናነሳ ብዙ ክረምት አለፈ፤ ዛሬ የምጽፍልህ ግን ናፍቆቱ ብቻ ገፋፍቶኝ አይደለም። ጅቡቲ ከምትሠራበት ወጥ ቤት በየቀኑ የሚጣለው የሽሪምፕ ቅርፊት ለእኔ ሥራ የሚሆን ነገር ሆኖ ተገኝቷል፤ ሳትስቅ አንብበው።

አሁን የምሠራው ሰበታ አጠገብ ባለ የጽጌረዳ እርሻ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ክረምት ገብቶ የግሪን ሃውሱ አየር ሲታፈን ቦትራይተስ የምንለው ግራጫ ሻጋታ ይነሳል። በአበባው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጠብጣብ ብቻ ታይታ፣ ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ከተጫነ በኋላ አበባው ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። ሻጋታው ደጋግመው የረጩበትን መድኃኒት ስለሚለማመደው፣ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነብን።

የሽሪምፕን ቅርፊት የሚያጠነክረው ካይቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሻጋታን ጨምሮ በፈንገሶች የሕዋስ ግድግዳ ውስጥም አለ፤ እንዲያውም ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1811 መጀመሪያ ያገኘው ከእንጉዳይ ነው እንጂ ከባሕር እንስሳ አልነበረም። ትሪኮደርማ የተባለው የአፈር ፈንገስ ደግሞ ሌሎች ፈንገሶችን አጥቅቶ የሚመገብ ሲሆን፣ ግድግዳቸውን ከሚያፈርስባቸው ኢንዛይሞች አንዱ ካይቲኔዝ ይባላል። ስኳር ካገኘ ይህን ኢንዛይም ለማምረት አይደክምም፤ ቅርፊት ከቀረበለት ግን ምግቡን ለመፍጨት ሲል ወደ ውጭ ያመነጨዋል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሸርጣን፣ የሽሪምፕና የሎብስተር ቅርፊት እንደሚጣል ይገመታል። ካይቲኑን ለይቶ ለማውጣት በተለመደው መንገድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል፤ ፈንገሱ ግን ያለ እነዚህ ሥራውን ይጀምራል።

ቦሌ ካለ አንድ ሆቴል ባገኘሁት ጥቂት ቅርፊት ሞከርኩት። አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅሁትና በሙቀጫ ወቅጬ፣ ከእርጥብ ፉርሽካ ጋር ቀላቅዬ በእንፋሎት ካመከንኩት በኋላ ትሪኮደርማውን ዘራሁበት። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ተስፋፋ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ለበሰ። በቀዝቃዛ ውሃ አሽቼ በጨርቅ፣ ከዚያም በቤተ ሙከራው ማጣሪያ ያሳለፍኩትን ፈሳሽ ቦትራይተሱ ላይ ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ የሻጋታው ክሮች ጫፋቸው አብጦ ፈነዳ። ጫፉ ገና እያደገ ያለ ስለሆነ ግድግዳው ስስ ነው፤ ያረጀው ክር ግን በቀላሉ አይረታም። ስለዚህ ገዳይ መድኃኒት ነው ከማለት እድገት ይገታል ማለት ይቀለኛል። ፉርሽካው ሌሎች ኢንዛይሞችንም ስለሚያስመነጭ፣ ሥራው ሁሉ የካይቲኔዝ ነው ብዬ አልምልም። ጽጌረዳው በበኩሉ ካይቲን ስለሌለው ግድግዳው አይነካም።

አለቃዬ ዳውኒ ሚልዲው ለሚባለው ሌላ የጽጌረዳ በሽታም ይሁን ብለው ነበር፤ አይሆንም። ያ በሽታ ፈንገስ ቢመስልም የሕዋሱ ግድግዳ በዋናነት ከሴሉሎስና ከግሉካን የተሠራ ስለሆነ፣ ካይቲኔዙ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሌላው ችግር ኢንዛይም ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀትና ፀሐይ ያዳክሙታል። ስለዚህ እኔ የተጣራውን ፈሳሽ በጠርሙስ አሽጎ ከመሸጥ ይልቅ፣ ቅርፊት እየበላ ያደገውን ሕያው ፈንገስ ከነኢንዛይሙ መርጨት ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከሚመጡት የጭነት መኪና ሹፌሮች መካከል የምታምነው ካለ፣ አንድ ጆንያ ቅርፊት ላክልኝ። የሸርጣኑ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚበዛበት የሽሪምፑ ይበጀኛል። ሥጋው በደንብ ተለቅሞ፣ ታጥቦና ደርቆ ይሁን፤ ያለዚያ ገና ድሬዳዋ ሳይደርስ ሹፌሩ በመጥፎ ጠረኑ ተማርሮ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ጭነቱን እዚህ እከፍላለሁ። ወጥ ቤታችሁ ሽሪምፑን በጨው ውሃ የሚቀቅል ከሆነ ግን አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ የማጠቢያውን ውሃ መጠን በዚያው ልክ አሰላዋለሁ።

አክባሪህ ታደሰ
ሰበታ