ለአባባ፦ ስለ አንድ የጨለማ ፊልም

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእማዬ እግርስ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የፍራንክፈርት ብርድ ገና ሳይገባ አስነጠሰኝ እንጂ።

ፊልም የሥራ ፈት ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ይሄኛውን ሳልነግርዎ ብቀር ግን ይቆጨኛል። «የጽጌረዳው ስም» ይባላል፤ ዣን ዣክ አኖ የሚባል ፈረንሳዊ ያዘጋጀው፣ በፈረንጆች 1986 የወጣ ነው። ታሪኩ በ1327 ሰሜን ጣልያን፣ ተራራ ላይ ባለ ገዳም ይሆናል፤ እኛ ዘንድ አፄ ዐምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። መነኮሳቱ አንድ በአንድ ይሞታሉ። አንዱማ የአሳማ ደም በሞላበት ጋን ውስጥ በአፍጢሙ ተተክሎ፣ እግሩ ብቻ ወደ ላይ ቀርቶ ይገኛል። ነገሩን የሚመረምረው ተዋናዩ ሾን ኮነሪ ነው፤ እሱም መነኩሴ ሆኖ።

ሰው እንዲህ ያለ ዘግናኝ ነገር ወዶ ለምን ያያል? እኔን የያዘኝ ጨለማው ነው። የዛሬ ፊልሞች ሌሊቱን ቀትር ያስመስሉታል፤ እዚህ ግን ጧፍ የደረሰበትን ያህል ብቻ ነው የሚታየው፣ የቀረውን ዓይንዎ ይፈልገዋል። ፊታቸውስ! ጥርሱ የወላለቀ፣ ዓይኑ የሞጨሞጨ፣ የገረጣ፤ መልከ መልካም ይሁን ብለው እንዳልመረጡ ያስታውቃል። ጻሕፍቱ ብራናው ላይ ሲጎነበሱ ሳይ፣ ስለ ቁም ጸሐፊው የኔታ የሚያወሩልን ትዝ አለኝ።

ገዳዩ መጽሐፍ ነው ቢባል ይቀላል። ገጹ መርዝ ተቀብቷል፤ አንባቢው ጣቱን በምላሱ እያራሰ ሲገልጥ መርዙን ይልሳል። ሬሳዎቹ ጣታቸውም ምላሳቸውም ጠቁሮ ይገኛል። እርስዎ ዳዊት ሲደግሙ ሌባ ጣትዎን እንዴት እንደሚያርሱ አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ። መጽሐፉም የአርስቶትል ነው፣ ስለ ሳቅ የሚያስተምር፤ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ መነኩሴ፣ ሳቅ ፍርሃትን ይገድላል ብሎ ሸሸገው። የእኛ ጻሕፍት «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ብለው በግዝት ያጥራሉ፤ እሱ በመርዝ አጠረ።

የውስጡን ክፍል አብዛኛውን የቀረጹት እዚሁ ቅርባችን፣ በ1136 በተመሠረተው የኤበርባህ ገዳም ነው። ሄጄ አየሁት። መነኮሳት የሉም፤ አሁን ወይን ጠጅ ይሸጥበታል፤ ከግንድ የተሠሩ ግዙፍ የወይን መጭመቂያዎች በአዳራሹ ተደርድረዋል። ያ መውጫው የሚጠፋው ቤተ መጻሕፍት ግን ሮም ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው።

መጨረሻውን አልወደድኩለትም። መናፍቃንን የሚያሳድደው በርናርዶ ጊ በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ በ1331 ጳጳስ ሆኖ ነው የሞተው። ፊልሙ ግን የተመልካቹን አንጀት ለማራስ ብሎ በገበሬዎች እጅ ይገድለዋል።

ታናሽ ወንድሜ በላፕቶፑ ያሳይዎት። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወጣቱ መነኩሴና አንዲት ልጅ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ እሱን ቶሎ እንዲያሳልፍልዎ ነግሬዋለሁ።

ልጅዎ