የእናቶቻችን ቋንቋም ይቆጠር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሁለት ቋንቋ መናገር አእምሮን ከመርሳት በሽታ ይከላከላል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ለዘመዶቼም ልኬዋለሁ። ግን አንድ ነገር አናዶኛል። ከላይ እስከ ታች ሁለተኛ ቋንቋ ሲባል እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚታየው። ኮርስ ተማሩ፣ አፕ አውርዱ፣ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። እሺ፣ እናቶቻችንስ?

እናቴ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ስትነግድ ነው ያሳደገችን። ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ጠዋት ከገጠር አትክልት ይዘው ከሚመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ያደገችበት ቋንቋ ነው። ጎኗ ካለው የጨርቅ ነጋዴ ጋር በሶማልኛ ትጨዋወታለች። ከዚያ ዞር ብላ እኛን በአማርኛ ትቆጣናለች። ይኼ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ! እዚህ አሜሪካ ከመጣች በኋላ ግን በየቢሮው ፎርም ላይ የሚጻፍላት "ቋንቋ አትችልም" የሚል ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው በጥናት አልታየም እንዳትሉኝ። በ2013 ከሕንድ ሃይደራባድ ከተማ የወጣ ጥናት አለ። ሐኪሞቹ 648 የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች መዝገብ አገላብጠው፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት አንድ ብቻ ከሚናገሩት በአማካይ በ4 ዓመት ተኩል ዘግይተው እንደታመሙ አገኙ። ሃይደራባድ ቴሉጉ፣ ኡርዱና ሂንዲ በአንድ ሰፈር የሚደባለቁባት ከተማ ናት፣ ሰዉ ቋንቋ የሚለምደው ከጎረቤትና ከገበያ ነው። ደግሞ ልዩነቱ ማንበብና መጻፍ በማይችሉት ላይም ታይቷል። ስለዚህ "የተማሩ ስለሆኑ ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሦስተኛና አራተኛ ቋንቋ ግን ከሁለቱ የበለጠ ጥቅም አልጨመረም። እኔን ደስ ያለኝ ዋናው ነገር፣ ፊደል ያልቆጠረች የገበያ ሴት ቋንቋ በሳይንስ ሚዛን ላይ መቀመጡ ነው።

እናንተ የጠቀሳችሁት የካናዳው የቶሮንቶ ከተማ ጥናት የ2007ቱ ነው። 184 ታካሚዎች ነበሩበት፣ ልዩነቱም ወደ 4 ዓመት ገደማ ነው። እዚያው ከተማ በኋላ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የአእምሮ ምስል ተነሥቶ ታየ። ሕመማቸው እኩል ደረጃ ላይ ካለ ሰዎች መካከል፣ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩት አእምሮ የበለጠ ተጎድቶ ተገኘ። ይህን ደግማችሁ አንብቡት። በሽታው አልቀረም፣ ውስጥ ውስጡን እየሠራ ነበር፣ ምልክቱ ነው የዘገየው። ዋናው መንገድ ሲዘጋበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያውቅ ሹፌር እንደሚደርሰው፣ አእምሮም ሌላ መውጫ ያገኛል ነው የሚሉት ተመራማሪዎቹ። መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ግን ሹፌሩም ይቆማል።

ስለዚህ "ይከላከላል" የሚለው አርዕስታችሁ በዝቷል። በኒው ዮርክ ዋሽንግተን ሃይትስ ሰፈር ከአንድ ሺህ በላይ ስፓኒሽ ተናጋሪ አረጋውያን ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2014 ወጥቷል። እንግሊዝኛ የጨመሩት ሲጀመር በማስታወስ ፈተና የተሻሉ ነበሩ። በመርሳት በሽታ በመያዝ ግን ልዩነት አልታየም። ክሊኒክ የመጣውን ሕመምተኛ ወደ ኋላ እየጠየቁ ማጥናትና ጤነኛውን ከፊት ጀምሮ መከታተል አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፣ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ደም ግፊቱንና ስኳሩን ትቶ በቋንቋ ብቻ የሚተማመን አንባቢ እንዳይኖር እፈራለሁ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች መካከል እነዚህ ሁለቱ አሉ፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነትም አሉ። ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ ለእናቱ የገዛ ልጅ ቀላል ነገር አላደረገም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ቋንቋ ለአእምሮ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ከሆነ፣ እናቶቻችን ሲመረመሩ ለምን ቋንቋቸው ይረሳል?

እናቴን ለማስታወስ ምርመራ ወስጃት ነበር። "ዓመቱ ስንት ነው?" ተባለች። 2017 አለች። ወሩ መጋቢት ነበር፣ በፈረንጆች 2025። እናቴ ልክ ናት! ወረቀቱ ላይ ግን ስሕተት ተብሎ ተያዘባት። ሰዓት ስትጠየቅ "አራት ሰዓት" አለች፣ ከጠዋቱ አሥር ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር። እሱም ስሕተት። ከዚያ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠር መጣ፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ ተባለች። እርሳስ ይዛ ለማታውቅ ሴት! አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ በአማርኛ። በኦሮምኛ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እኔ ነኝ ጣልቃ ገብቼ የቀን አቆጣጠሩን ያስረዳሁት፣ ምርመራውም በሌላ ቀን እንዲደገም ያስደረግኩት። የሚናገርለት ልጅ የሌለው አባት ግን ባልታመመው በሽታ መድኃኒት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ወይም የታመመው "ቋንቋ ስለማይችል ነው" ተብሎ ሳይታወቅለት ይቀራል። ሁለቱም ያማል።

እናቴ ሁለተኛው ምርመራ ላይም በሽታው እንዳለባት ተረጋገጠ፣ ግን ጅማሬው ላይ ነው። እና የሚገርመው፣ አማርኛው እየሸሻት ነው። ስትደክም ልጆቼን በኦሮምኛ ትጠራቸዋለች፣ እነሱ ደግሞ አይሰሙም። በዚህ በሽታ በኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ሲደበዝዝ የእናት ቋንቋ ሊቆይ ይችላል። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ "ጃጀች፣ ትቀባጥራለች" ይላል። አትቀባጥርም። በደንብ ነው የምታወራው፣ የሚሰማት ነው የጠፋው። ታናሽ እህቷ ከድሬዳዋ በስልክ ስታናግራት ወጉ አይቋረጥም።

አንባቢዎቻችሁ ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ለማስታወስ ምርመራ አይሆንም፣ ልጅ ሳያስበው የእናቱን መልስ ያስተካክላልና። በዋሽንግተን ዲሲም በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በቋንቋችን እንዲያገለግሉን ያዛል፣ አማርኛም ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ "አማርኛ" ብላችሁ አትለፉ። መጀመሪያ አፋቸውን የፈቱበት የትኛው ነው? ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ ከሆነ እሱንም አስመዝግቡ። አስተርጓሚ ባይገኝ እንኳ መዝገቡ ላይ ይኑር፣ ሐኪሙ ውጤቱን ሲያነብ ያየዋል። ስለ ዘመን አቆጣጠራችንና ስለ ሰዓታችንም ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከእናንተ የምጠይቀው ደግሞ ይኸው ነው። ቤተሰብ ለሐኪም የሚሰጠው የአንድ ገጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ አዘጋጅታችሁ አትሙልን። ዓመቱ፣ ሰዓቱ፣ ትምህርት መኖር አለመኖሩ፣ የመጀመሪያ ቋንቋው ይኑርበት። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ እንበትነዋለን። እኔ የድሬዳዋ ልጆችን አስተባብራለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ